መኪናዋን ዝቅ አላደርጋትም

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ በየነ፣ ደንቢያ

አባየ፣ ከእርስዎ አገር ጣና የለቀቀው ውሃ ቁልቁል ወርዶ በእኔ ሰፈር በር ያልፋል። ሰላምታዬን ግን ሽቅብ የሚመልስልኝ ስላልሆነ በወረቀት ልኬዋለሁ፣ ይድረስዎ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ዳገት ሲወጡ አሁንም ይከዳዎታል? ወገብዎስ? እማየ ዓይኗ ተሻላት? ቦራው በሬ ትከሻው ዳነለት? እኔ ልጅዎ ማሩ፣ ከናፍቆትዎ በቀር የሚያመኝ፣ ከካርቱም አቧራ በቀር የሚያስለኝ የለም። ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና እንደ ወይፈን ነኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይወቁልኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፈው የሰው እጅ አይደለም፣ የገዛ እጄ ነው። ድሮ በሰው ሳስጽፍ ጸሐፊው ግማሹን ነገሬን «ይሄማ ለአባት አይጻፍም» እያለ ይተወው ነበር። አሁን ማን ይከለክለኛል? ህሊና የምትባል የአገራችን ልጅ እዚሁ ሰፈሬ ቡሪ ማታ ማታ ፊደል ታስተምረናለች። ከተማሪዎቿ ሁሉ እኔን የሚያህል የለም። እሷ ራሷ «ማሩ፣ እርሳስ ስትይዝ መዶሻ የያዝክ ትመስላለህ እንጂ ጭንቅላትህስ ደህና ነው» ብላኛለች። ናርዶስ እህቴ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ስለሆንሽ ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቢላቸው። የሚያስቅሽ ነገር ከመጣም መጀመሪያ ሳቂና ከዚያ አንብቢ። ወደ ፊት ደግሞ የሚያስደነግጥሽ አለ፣ እሱንም ዘለሽ እንዳታልፊ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። በስልክ ያሉኝን አልረሳሁም። «ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ጎማ ስትነፋ ከርመህ፣ ይኸው አሁንም ሐበሺ ነው የሚሉህ። ጾሙ ሳይገባ አለቃህ በገዛ አፉ ኡስታ ካላለህ፣ ተመለስና ታችኛውን ማሳ እረስ። እምቢ ካልክ ለወንድምህ ለስለሺ እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ኡስታ ማለት እዚህ ዋና መካኒክ ማለት እንደሆነ የነገርኩዎ እኔው ነኝ፣ በገዛ ጅራፌ ገረፉኝ። እኔም ደሜ ፈልቶ «ካላለኝ እመጣለሁ!» ብዬ ማልኩ። ይኸው ጾሙ ሊገባ ነው። የሆነውን ሳልደብቅ ልንገርዎ።

የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ረሺድ ይባላል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሲቆጣ ወፍ እንደሚያባርር ሰው እጁን የሚያወናጭፍ ሱዳናዊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ከጥምቀት ወዲህ አንዲት ሴት ቦክሲ ይዛ መጣች። ቦክሲ የሚሉት ኋላዋ ክፍት የሆነውን፣ ጭነት የሚጫንባትን መኪና ነው። ሴትዮዋ ዶክቶራ ፋሪሃ ትባላለች። ቤቷ እዚሁ ካርቱም ሪያድ ነው፣ የሀብታሞች ሰፈር፤ ሥራዋ ግን የከብት ሐኪምነት ነው። ቡጣና ወደሚባለው በረሃ እየወጣች የዘላኖችን ግመል ትከትባለች። ድንጋዩ የመኪናዋን ሆድ እየፋቀ ስላስቸገራት «ከፍ አድርጉልኝ» አለች። ረሺድ ገና ሲያስብ እኔ ቀደምኩና «ዶክቶራ፣ ግመል ጎንበስ ሳይል በሥሯ እስኪያልፍ ከፍ አደርግልሻለሁ» አልኳት። አባየ፣ መቼም ያውቁኛል።

አደረግኩትም። መኪና የምትቀመጥበትን ድርብርብ ብረት፣ ባሌስትራ የሚባለውን፣ የሚያንጠለጥሉትን ማያያዣዎች በረጃጅም ቀየርኳቸው። መኪናዋ እንደ ሰጎን ቆመች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። በራችን ላይ ሻይ የምትሸጠው ኒዕማ ብቻ ዞር ብላ አይታ «ማሩ፣ መሰላልም ሥራላት እንጂ» አለችኝ። ቅናት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ዶክቶራ ተመልሳ መጣች፣ ፊቷ ጠቁሯል። መኪናዋ ፈጠን ስትል ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። የግመሎቹ ክትባት ጠርሙሶች በሳጥናቸው ውስጥ እየተጋጩ ተሰብረውባታል። «ያ ማሩ፣ አንተ ማሩ፣ የግመል እግር ሰጥተህ የጅብ ሳቅ ጨመርክልኝ» አለችኝ። ረሺድ እጁን እያወናጨፈ «ያላ፣ ቶሎ በል፣ ዝቅ አድርጋት! እንደነበረች መልሳት!» ብሎ ጮኸ። «አላደርጋትም» አልኩ። «ዶክቶራ ወደ ቡጣና ከመውጣቷ በፊት ወይ አስተካክላት፣ ወይ ዝቅ አድርጋት። ሁለቱንም ካላደረግክ መፍቻህን አንሳና ሂድ» አለኝ። «መፍቻውም ያንተ ነው፣ የምሄደው በባዶ እጄ ነው፤ ግን ዝቅ አላደርጋትም» አልኩት።

ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ ምን እንደመጣ ያውቃሉ? ታችኛው ማሳ። ዝቅ ካደረግኳት ማን ኡስታ ይለኛል? ባላስተካክላት ደግሞ ሥራም የለኝ። መንገዱ በሁለቱም በኩል ወደ እርስዎ በሬዎች ነው የሚወስደኝ። ስለሺም በር ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ኡስታ» ብሎ ሲስቅብኝ ታየኝ። ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

አሁን የመኪናን ነገር ላስተምርዎ፣ አይሳቁ። ሞተሩ ያለው ፊት ነው፣ መኪናዋን የሚገፋው ግን የኋላ እግሯ ነው። በሁለቱ መካከል በሆዷ ሥር አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ይዞራል። ሞፈር ይበሉት። በፊትም በኋላም ጫፉ ላይ እንደ ጉልበት የሚታጠፍ ነገር አለው፣ ክሮቸራ ይባላል። መኪናዋን ከፍ ሳደርጋት ዘንጉ ቁልቁለት ሆነ፣ ከኋላ ዘንጉን የሚቀበለው አፍንጫም አኳኋኑ ተለወጠ። መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው የመጣው። ይህን ያለማንም አወቅኩ።

እዚህ ላይ የእርስዎ ልጅ መሆኔ ረዳኝ፣ ረዳኝና ደግሞ ገደል ከተተኝ። ማረሻው አፈሩን እየፋቀ አልገባ ሲልዎ ሽብልቅ በመዶሻ መታ መታ አድርገው አንገቱን ያቀኑት ነበር። «ማረሻ የሚጎትተውን ቀና ብሎ ይይ» ይሉም ነበር። እኔም ሽብልቅ ያስፈልጋታል አልኩ። እውነትም የዚህ በሽታ መድኃኒት ሽብልቅ ነው፣ አንድ ወገኑ ወፍራም ሌላው ቀጭን የሆነ ብረት፣ ባሌስትራው የኋላውን እግር ከሚረግጥበት ቦታ የሚገባ። ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ያለው ተውፊቅ፣ የወሎ ልጅ፣ ቆርጦ ሠራልኝ። እኔም አፍንጫው ዘንጉን ቀና ብሎ እንዲያይ ወፍራሙን ወገን ወደ ኋላ አድርጌ አስገባሁት። ልክ እንደ እርስዎ።

የመንቀጥቀጡን መጠን የማውቅበትን ዘዴ ደግሞ ይስሙ፣ በካርቱም ከእኔ በቀር ያሰበው የለም። ሌላው መካኒክ መሪውን ጨብጦ «ትንሽ ተሽሏታል፣ ትንሽ ብሶባታል» ይላል። እኔ ግን ረሺድን አስነድቼ የህሊናን ማንበቢያ መጽሐፍ ጭኔ ላይ እዘረጋለሁ። ፊደሎቹ ከቆሙ መኪናዋ ጤነኛ ናት፣ ከዘለሉ ታማለች። ሽብልቁ ሳይገባ በፊት እንደ ፌንጣ ይዘሉ ነበር። ከገባ በኋላ ወደ ዓባይ ዳር መንገድ ወጣን። አባየ፣ ፊደሎቹ መዝለሉን ትተው ተበጠበጡ፣ ሽሮ ሆኑ! ረሺድ መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ሲል «ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው? ሰው ቤንዚን ለማግኘት ተሰልፎ በሚውልበት አገር እኔ ላንተ ትምህርት ቤንዚን ላቃጥል?» አለ። ስንመለስ ኒዕማ «ደረሳችሁ ወይስ ተራገፋችሁ?» አለችን። ሻይዋን ሳልጠጣ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ።

ከሥር ተንጋልዬ ሳለሁ ተውፊቅ ሥራውን ሊያይ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየና «ማነው እንዲህ አድርገህ አስገባ ያለህ?» አለኝ። «አባቴ» አልኩት። «መኪና አላቸው?» «የለም፣ በሬ ነው ያላቸው።» ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳቁ ሲያልቅለት ግን እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ሞፈር አይዞርም። ይሄ ይዞራል። የሚዞር ነገር ሁለቱ ጉልበቶቹ እኩል ካልታጠፉ ያነክሳል። ፊተኛው የሚያወላግደውን ኋለኛው የሚያቃናው እኩል ሲታጠፍ ብቻ ነው።»

ይህን ሲለኝ ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት በራ። ክር ላይ ብሎን አንጠልጥዬ የፊተኛውን ጫፍ ዘንበል ማለት ለካሁ፣ ከዚያ የኋላውን ለካሁ። አፍንጫው ከመጀመሪያውም ከልኩ በላይ ቀና ብሎ ኖሯል፤ እኔ በሽብልቅ ጭራሽ ሰማይ አሳየሁት። አወጣሁና ገለበጥኩት፣ ወፍራሙን ወገን ወደ ፊት አዞርኩ። ተውፊቅም ትንሽ ላጨልኝ። ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት ዘንበል አሉ። ስለዚህ አባየ፣ ሽብልቁ የእርስዎ ነው፤ አገባቡ ግን የእርስዎ አይደለም። በመሬት የሚያውቁት ሁሉ በእኔ ሥራ ላይ አይሠራም። ይህን በስልክ ለመናገር አፌ አይደፍርም ነበር፣ እጄ ግን ደፈረ።

እንደገና ወጣን። ረሺድ እየተራገመ ነዳ፣ ፈጠን አደረገ፣ አሁንም ጨመረ። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እንደ ሰልፈኛ። ስለ አንድ ንብ አናቢ የሚናገረውን ገጽ ከላይ እስከ ታች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ረሺድ አማርኛ አይሰማም። ዱዓ የማደርግ መስሎት መጨረሻው ላይ «አሚን» አለ።

ዶክቶራ ወደ ቡጣና ሄዳ ተመለሰች። አንድም ጠርሙስ አልተሰበረባትም። «ግመሎቹ ሰላም ብለውሃል» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ረሺድ ዞርኩ፣ ያችን ቃል ስጠብቅ። ረሺድ እጁን ጠራረገና «ደህና ነው፣ ያ ሐበሺ። አሁን የዚያችን የነጯን መኪና ዘይት ቀይር» አለኝ።

ኡስታ አላለኝም። ትናንትም አላለኝም፣ ዛሬም አላለኝም። ናርዶስ፣ የሚያስደነግጥሽ ያልኩሽ ይህ ነው፣ ድምፅሽን አትቀንሺ።

መዋሸት አቅቶኝ አይደለም። ከካርቱም እስከ ደንቢያ ማን ይሰማል? «ኡስታ ማሩ ብሎ ሳመኝ» ብዬ ብጽፍ ወረቀቱ አይከራከረኝም። ግን በገዛ እጄ የጻፍኩትን የመጀመሪያ ደብዳቤ በውሸት አላሟሽም። በእርስዎ ውል ተሸንፌያለሁ። መሐላዬ ና ይለኛል።

አልመጣም።

ማሳውን ንቄ አይደለም። ረሺድ ቃሏን እንደ ስስታም ቆልፎ ቢይዛት፣ የዶክቶራ ወዳጆች የራሳቸውን መኪና ይዘው መጥተው «ዝቅ አላደርግም ያለው ሐበሻ የታለ?» ብለው ጠየቁ። ረሺድን አልፈው ወደ እኔ ነው የመጡት። አሁን ሁለት መኪና ቆሞ ይጠብቀኛል። የሚጠሩኝ በፈለጉት ስም ይሁን፤ አንድ ሰው ኡስታነቴን በአፉ እስኪመርቅልኝ ድረስ የማልኖር ከሆነ፣ እዚያ ብመጣም ስለሺ ገበሬ ነህ እስኪለኝ ልጠብቅ ነው። ያንጊዜስ ሸበትኩ። ስለዚህ ታችኛውን ማሳ ይስጡት። ከእኔ የተሻለ ገበሬ ነው፣ ይህን ስጽፍ ጥርሴን እያመመኝ ነው።

እማየ ብርቅነሽ፣ በጣም ናፍቀሽኛል። ከስቷል ብለው የነገሩሽ ሰዎች ዓይናቸውን ይታዩ፣ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ለቋል። ስለሺ ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። የማሳው የታችኛው ጥግ ክረምት ላይ ውሃ ይይዛል፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቦይ ቅደድለት፤ ደግሞ እንዳትስቅብኝ። ናርዶስ፣ የተሳሳትኩትን ፊደል አርመሽ ለብቻዬ ላኪልኝ፣ ለእነሱ እንዳትናገሪ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በየስማቸው ሳሚልኝ። ቦራውንም ትከሻውን እሺልኝ።

አባየ፣ መሐላ አፍርሻለሁና ይቆጡ፣ መቆጣት መብትዎ ነው። ስልክም ቢዘጉብኝ ደጋግሜ እደውላለሁ፣ ባያነሱም እጽፋለሁ። ማሳውን ለስለሺ ሲሰጡ ግን ምርቃትዎን አብረው እንዳይሰጡት። ማሳው የእሱ ይሁን። የምርቃቱ ግማሽ የእኔ ድርሻ ነው፣ እሱን ለማንም አልለቅም።

ልጅዎ ማሩ በየነ

ቡሪ፣ ካርቱም
የካቲት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.