ለመንገደኛ የሚባለው ቃል

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ሳሩን

እንደምን ሰነበትሽ? ቡድሃና ሕጉ፣ መነኮሳቱም ባለሽበት ጥላ ይሁኑሽ። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል ብለሽ ነበር፤ አሁን እናንተ ዘንድ፣ ባሕር ማዶ፣ ሙቀቱ ገብቷል ሲሉ ብሰማ ትንሽ ሳይሻልሽ አይቀርም ብዬ ተጽናናሁ። ልጅሽ ኩንቲያስ፣ ባሏስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አንድ ዓይኔ ከመደብዘዙ በቀር ምንም አልሆንኩም። ሩዙ ታጭዶ ገብቷል። ላሟም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት።

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ልጄ ስለ ቴቪ ነው። እንደምታውቂው ሃምሳ አለቃ ሆናለች፤ ሥራዋም የተቀበረ ፈንጂ እየፈለጉ ማምከን ነው። አሁን ከሰላም አስከባሪዎቹ ጋር ለአንድ ዓመት ወደ ሊባኖስ እንድትሄድ ታዘዘች። ባሏ ፒሴት በሰሜኑ ድንበር ላይ ነው፤ ፈቃድ ቢጠይቅ አልሰጡትም። በስልክ አገኘሁት፤ «አባቴ፣ አደራ» አለኝ። ስለዚህ ልጃቸው ሩምዱል ዓመቱን ከእኔ ጋር ትሆናለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

ዝግጅቱ ወር ሊሞላው ነው። ቴቪ መርፌ ስትወጋ፣ ወረቀት ስትሞላ፣ ልብስ ስትቆጥር ከርማለች። እኔ የሠራሁትን አንድ ማሰሮ ፕራሆክ ይዛ ልትሄድ አስባ ነበር፤ አዛዡ ግን ሰልፍ ላይ «ያንን የሸተተ ዓሳ አውሮፕላን ላይ ያወጣ ወታደር በጃንጥላ ይወርዳል» ብሏቸው ቀረ። ከሁሉ ያስቸገረኝ የሩምዱል ፀጉር ነው። ቴቪ ሹሩባ እንድማር አዘዘችኝ። በልጅቷ ራስ ላይ ስሞክር እየጮኸች አስቸገረችኝና በላሟ ገመድ ላይ ተለማመድኩ፤ ሦስት ገመድ ከምሰሶው ጋር አስሬ። ጎረቤታችን እማማ ዪን በአጥር ላይ አይታኝ «ሳቫን፣ ላሚቱን ልትድር ነው?» አለችኝ። ሰማንያ ዓመቷ አልፏል፤ ምላሷ ግን ገና አሥራ ስድስት ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ሳይገባኝ የመንደሩ አቻር፣ የሥርዓት መሪ፣ ከሆንኩ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ ለታመመ፣ ለሚያገባ፣ መንገድ ለሚሄድ፣ አሥራ ዘጠኙ ነፍሶቹ ከሰውነቱ ተለይተው እንዳይቀሩ የምጠራቸው እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ለቴቪ ጠራሁላት። ሻማው በርቷል፣ እንቁላሉ ተቀቅሏል፣ ሙዙም ክሩም ቀርቧል፣ ጎረቤቱም ተሰብስቧል። አሥራ ዘጠኙን ነፍሶቿን አንድ በአንድ ጠራሁና «ከጫካ ተመለሱ፣ ከውኃ ተመለሱ፣ ወደዚህ ቤት ግቡ፣ ከዚህ ጣሪያ ሥር ተቀመጡ፣ ደጁን አትለፉ» አልኩ። ሰዉም ለምዶበት «ኑ!» አለ። ክሩን በእጇ ላይ አሰርኩ።

የነቃችብኝ እማማ ዪን ናት። «አንተ ሳቫን! ልጅቷ ታማለች እንዴ? ይኼ እኮ ወባ ለያዘው ሰው የሚባለው ነው! አውሮፕላኑ ሰውነቷን ብቻ ጭኖ ይሂድ ማለትህ ነው? እንዲያማ ከሆነ ቲኬቷን በግማሽ ዋጋ ይቁረጡላት!» ብላ ጮኸች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለመንገደኛ የሚባለው «ከሰውነቷ ጋር ሂዱ፣ በምትተኛበት ተኙ፣ ስትመለስ አብራችሁ ተመለሱ» ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የተማርነው ከእናታችን አፍ ነው።

ቴቪ አልሳቀችም። ሰው ሲወጣ እጇ ላይ ያለውን ክር እያየች «አባባ፣ እኔ በነፍስ ቁጥር ያን ያህል አላምንም። ግን ሥራዬን አውቀዋለሁ። ልቤ እዚህ ከቀረ እጄ እዚያ ይሳሳታል» አለችኝ። የታሰረ ክር አይበጠስም፤ ጥሪውም በዚያው ቀን አይደገምም። መልካም ቀን ብቆጥር ዓርብ ሆነ። የምትሄደው ቅዳሜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ራሴን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ እርጅና ነው አልኩ። ግን ባለፈው ወር ወደ ታይላንድ ለሄደው ለአናጺው ልጅ አንዲት ቃል ሳልስት ጠርቻለሁ። ታዲያ እርጅናው ለልጄ ሲሆን ነው የመጣብኝ? ለቀስተኛ ሳጽናና «አጥብቀህ የያዝከው ነገር እጅህን ይቆርጠዋል» እላለሁ፤ ሰውም ራሱን ይነቀንቃል። ለሌላው የማድለውን መድኃኒት እኔ ቀምሼው አላውቅም ማለት ነው። ሟች ባለቤቴ ሶኮም በሕይወት ብትኖር አንድ ጊዜ ብቻ አይታኝ ምክንያቱን ትነግረኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በስልክ እንዳልጠይቅሽ ጆሮሽ አይሰማም፤ በኩንቲያ በኩል እንዳልጠይቅሽ አፈርኩ። በ1985 ፈንጂ የተቀበረበትን የድንበር ጫካ እንድመነጥር ሲወስዱኝ፣ ቴቪ ገና ጡት ስትጠባ፣ አንቺ ከእንኮዩ ዛፍ ሥር ጠርተሽልኛል። የመኪናው ሞተር ቃሉን አላሰማኝም። ሁለት እጅና ሁለት እግር ይዤ ተመለስኩ። እንዴት ብለሽ ለቀቅሽኝ? መልስሽ እስኪደርስ ልጅቷ ትሄዳለች፤ ቢሆንም ጠየቅኩሽ።

ከላይ ያለውን የጻፍኩት ረቡዕ ነበር። ዛሬ እሑድ ነው። ቴቪ ትናንት ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰው አልጠራሁም፤ እማማ ዪን ግን ያልተጠራችበት ስለሌለ መጣች። ሳልጀምር ቴቪ ጠጋ ብላ «አንዷን ለሩምዱል ትተህ አሥራ ስምንቱን ብትልክስ?» አለችኝ። የምትቀልድ መስላ ነው፤ ዓይኗ ግን አይቀልድም። ይህ የገበያ ክርክር አይደለም፣ ሁሉም ይሄዳሉ አልኳት። ጀመርኩ። ባለፈው የሳትኩበት ቦታ ላይ ስደርስ «ወደዚህ ቤት» የሚለው እንደገና አፌ ላይ መጣ። መልሼ ዋጥኩት። እማማ ዪንም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ሻማውና እንቁላሉ ያለበትን ትሪ የያዘችው ሩምዱል ነበረች። ብዙ ከቆየን በኋላ «አያቴ፣ እጄ ደከመ» አለች።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። «ከዚህ ደጅ ውጡ። ከውኃው ጉድጓድ፣ ከእናቷ አመድ፣ ከልጇ ፀጉር ተላቀቁ። አንዳችሁም እንዳትቀሩ። ከሰውነቷ ጋር ሂዱ፣ በምትተኛበት ተኙ፣ ስትመለስ አብራችሁ ተመለሱ።» ከልጇ ፀጉር የሚለው በጥሪው ውስጥ የለም፤ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ሁለተኛውን ክር ከመጀመሪያው በላይ አሰርኩ። እንቁላሉን ሩምዱል በላችው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ። የሩምዱልን ፀጉር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አንዱ ሹሩባ ወደ ጆሮ፣ ሌላው ወደ ማጅራት ሄዷል። ቴቪ አየችው። ልታስተካክለው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «ጥሩ ነው አባባ፤ ገመዱ አስተምሮሃል» አለች። ልጇን ጉንጯን አሽትታ ሳመቻት፣ ለእኔ ተንበርክካ ሦስት ጊዜ ሰገደች፣ ወጣች። ሩምዱል መኪናው እስኪታጠፍ አላለቀሰችም። ከታጠፈ በኋላም ብዙ አላለቀሰችም፤ ጥጃዋን ልታይ ሄደች።

እኔ ግን ትናንት ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመርኩ። ዛሬ ጠዋት ባልዲ ሳልይዝ ወደ ውኃው ጉድጓድ ሄድኩ፤ ላሟንም ቴቪ ብዬ ጠራኋት። እማማ ዪን ሰምታኝ «የሌላውን ነፍስ ስትሸኝ የራስህን ጨምረህ ሰደድካት። ለአንተስ ማን ይጥራልህ?» አለች። እውነቷን ነው። አቻር ለራሱ አይጠራም፤ ከዘመድ መካከል በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ከአንቺ በቀር ማንም አልቀረኝም።

ስለዚህ እትዬ፣ ደብዳቤው ከደረሰሽ በኋላ በመጀመሪያው ሙሉ ጨረቃ ቀን እዚያው ሆነሽ ጥሪልኝ። አንድ እንቁላልና አንድ ሻማ ይበቃል። ክሩን በፖስታ ላኪው፤ ሩምዱል ታስርልኛለች። እንዳትሳሳቺ ብቻ፤ ለእኔ የሚባለው የመንገደኛው አይደለም፣ የበሽተኛው ነው። ወደዚያ ቤት ግቡ፣ ከዚያ ጣሪያ ሥር ተቀመጡ በያቸው። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯ የሚሠራላት ልጅ አለች በያቸው።

ኩንቲያን ሳሚልኝ። ባሏንም ስለላከልኝ መነጽር አመስግኚው፤ ይህን የምጽፈው በእሱ ነው። ትልቁ የልጅ ልጅሽ ፈተናውን እንዲያልፍ በገዳም ዕጣን አጭሼለታለሁ፤ ታናሺቱንም ሩምዱል ጥጃዬን መጥተሽ እዪ ትልሻለች በያት። እማማ ዪን ደግሞ «ሳሩን ከእኔ በፊት እንዳትሞት፤ የማማው ሰው አልቆብኛል» ብላሻለች።

ታናሽ ወንድምሽ
ኤም ሳቫን
ታኬዎ፣ ትናኦት ችሩም መንደር
እሑድ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 2016