ስለ ምድጃ ክፍሉ ኃላፊ ዕረፍትና ስለ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

የብረታ ብረት ፍተሻ ተቋማችን ለሠላሳ ሰባት ዓመታት ያገለገሉትን፣ ሁላችንም «ጋሽ ቀስ በቀስ» እያልን የምንጠራቸውን የቀድሞ የምድጃ ክፍል ኃላፊ መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው በሞት ተነጥቋል። ሐዘናችን ከባድ ነው። አብዛኞቻችን ሥራውን የለመድነው ከእሳቸው እግር ሥር ነውና።

በ1969 ዓ.ም. ተቀጠሩ። ሥራቸው የኒኬል ቅይጥ በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ለዓመታት ጭነት ተሸክሞ ሲቆይ ምን ያህል እንደሚለጠጥና መቼ እንደሚበጠስ መለካት ነበር። የኃይል ማመንጫ ተርባይን ክንፎች የሚሠሩት ከዚህ ብረት ነው፤ ሳይታሰብ ከተበጠሱ አጠገባቸው የቆመ ሰው አይተርፍም።

በ1974 ዓ.ም. ምድር ቤቱ ውስጥ አስራ ሁለት ምድጃዎች ተከሉ። በእያንዳንዱ ምድጃ ውስጥ ጣት የምታህል ናሙና ፍም መስላ፣ ክብደት ተንጠልጥሎባት ትውላለች፣ ታድራለች፤ በዓመት የምትለጠጠው ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ንዝረት መለኪያውን ስለሚረብሽ በር ማላተምና በተረከዝ መራመድ ክልክል ነበር። እንግዳ ሲመጣ በሽተኛ የተኛበት ቤት የገባ ይመስለው ነበር። አንዷ ናሙና አስር ሺህ ሰዓት ስትሞላ ጋሽ ቀስ በቀስ ብስኩት ገዝተው ክፍል ለክፍል ያዞሩ ነበር፤ በበዓል ቀን ሳይቀር ደውለው «ልጆቹ እንዴት አደሩ?» ይሉን ነበር። ባለቤታቸው «እኔ የወለድኩለት አራት፣ እሱ የሚያሳድገው አስራ ስድስት» እያሉ ያስቁን የነበረበት ያ ጊዜ ዛሬ በጣም ይናፍቀናል።

በ1988 ዓ.ም. የሆነውን ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። የምድጃው ሙቀት መለኪያ ሽቦ በየጊዜው መቀየር አለበት፤ ለመቀየር ግን ምድጃውን አቀዝቅዞ ሙከራውን ለጊዜው ማቋረጥ ግድ ነው። ጋሽ ቀስ በቀስ አንጀታቸው አልቻለም፤ ናሙናዎቹን ላለመረበሽ ሲሉ ሽቦዎቹን ከአራት ዓመት በላይ ሳይነኩ ተዉአቸው። አንዷ ናሙና ስትበጠስ ትኩሱ ምድጃ ውስጥ ከአሮጌው ሽቦ ጎን አዲስ ቢያስገቡ፣ አሮጌው በእርጅና ከእውነተኛው ሙቀት አስራ አንድ ዲግሪ ጨምሮ ሲያሳይ እንደኖረ ደረሱበት። ምድጃው የታሰበውን ያህል አልጋለም ነበር፤ ብረቱም ከአቅሙ በላይ ጠንካራ መስሎ ተመዝግቧል። ሙከራው ሳያልቅ በየጊዜው በተላከለት በዚያ ቁጥር የተማመነ አንድ የኃይል ማመንጫ ደግሞ ተርባይኑን እያሽከረከረ ነበር።

በማግስቱ ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰዓት የፈጀውን ውጤት በገዛ እጃቸው ሰረዙ። ለማመንጫውም «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ክንፎቹን ቶሎ አውርዳችሁ እዩአቸው» ብለው ጻፉ። ክንፎቹ ሲወርዱ ግርጌያቸው ተሰንጥቆ ተገኘ። ሰው አልተጎዳም።

ተቋማችን ግን ያለፈቃድ ወደ ውጭ ጽፈዋል፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም አጉድፈዋል በሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። የደረጃ ዕድገትም አለፋቸው። ደብዳቤው እንዲነሣላቸው ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከቱ። ሦስቴም «ጉዳዩ ይታያል» ብለን መለስናቸው።

እሳቸው አኩርፈው አልተቀመጡም። ሽቦ በየስድስት ወሩ እንዲቀየር ደንብ አወጡ፤ አስራ ሁለቱንም ሙከራ ከዜሮ ጀመሩ። በ2000 ዓ.ም. ሁለቱ ናሙናዎች መቶ ሺህ ሰዓት ሞሉ፤ የዚያን ቀን ብስኩቱ ለጥበቃዎቹም ተረፈ።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው አልወጣም ነበር። በስንብታቸው ዕለት ለኃላፊዎች የተናገሩትን የሰማን እዚህ አለን፦ «መሳሳቴን አልካድኩም። መናገሬን ግን ጥፋት አትበሉብኝ።» ያኔም ደብዳቤውን ሳናነሣ ሸኘናቸው። አፍረንበታል።

ለባለቤታቸው፣ ለአራቱ ልጆቻቸው፣ በዚያ ክፍል አብረዋቸው በእግር ጣታቸው ለተራመዱ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ልባዊ መጽናናትን እንመኛለን።

የተቋሙ ሥራ አመራር መጋቢት 6 ቀን ተሰብስቦ የ1988ቱን ማስጠንቀቂያ ሽሯል። የጻፉት ደብዳቤ ትክክል ነበር፤ ያጠፋነው እኛ ነን። መሻሪያውን በዚያው ዕለት ቤታቸው ድረስ ወስደን ለባለቤታቸው አስረከብን። መነጽራቸውን አድርገው ከቀኑ እስከ ማኅተሙ አነበቡት።

«ይሄ እኮ ለእሱ ነበር የሚሰጠው» አሉን።