ነቅቷል ያልኩሽ እንስራ

ድርቤ፣

ልጅሽን ኩማን አዝለሽ ከሐኪም ቤት ስትመለሺ አታገኚኝም። ከምንጩ ዛሬም ጠብ ያለ ነገር የለም። ውኃ ፍለጋ ከሲራራ ነጋዴዎቹ ጋር ወደ ዲዴሳ ወርጃለሁ።

የእጅሽን እጣቢ እንዳትደፊው፣ ዕቃ እጠቢበት።
የኩማን ጨርቅ ፀሐይ ላይ አስጪው እንጂ አታጥቢው።
ጎረቤት አትለምኚ፤ የሁሉም እንስራ ባዶ ነው።

"ትልቁ እንስራ ነቅቷል" ያልኩሽ፣ ተሰንጥቆ ውኃው ፈሷል ለማለት ነበር። አንቺ ግን የትንሹን እንስራ ውኃ በሙሉ ጨርቅ አጠብሽበት። ያን ጊዜ ያወረድኩብሽን ስድብ እዚህ አልደግመውም።

ዛሬ ጠዋት ለጎረቤታችን ለቀለሟ ብነግራት ሳቀች። በእናንተ ቋንቋ "ናቁ" ማለት መቅዳት ነው አለችኝ። ለካ እንስራው ተሞልቷል ያልኩሽ መስሎሽ ነው! ታዲያ ያን ሁሉ ስጮህብሽ ምነው አንድ ቃል ብትመልሺ?

ተይው።

አልጋዬ ሥር በጣሳ የከደንኩት ውኃ አለ፤ የትናንት ድርሻዬ ነው። አፍልተሽ ለኩማ በማንኪያ በማንኪያ ስጪው፤ ተቅማጡ አንጠፍጥፎታል። ብቻ እስክመለስ ይቆየኝ።

እኔ አልጠማኝም።

አማትሽ ሐረግወይን