የሻይ ብርጭቆው

«ይህ ውኃ ለጨቅላ ሕፃን ይሰጣል» ብሎ የውኃ ማጣሪያችን ገና ደህና ሳለ ሥራ አስኪያጃችን ለጎብኚዎች ሲናገር በመስኮት ሰምቼ፣ ቃሉን እንዳለ አምኜ ነው የሎሚ ችግኝ ትከዪ ብዬ የጻፍኩልሽ። ሰላምታዬን አስቀድሜ ጥፋቴን ማስከተል ሲገባኝ ገልብጬ ጀመርኩት፤ ይቅር በይኝ እህት ዓለም። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ጤናዬን አላጣሁም፤ ያጣሁት እንቅልፍ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የችግኙ ቅጠል ጫፍ ጫፉ እሳት እንደነካው አረረ፣ አፈሩም ነጭ ለበሰ ብለሽኛል። ውኃ አንሶት መስሎሽ እጥፍ ማጠጣት መጀመርሽን ሳነብ ወንበሩ አልችልህ አለኝ። ጎረቤትሽ «ዓይን በልቶት ነው» ማለቷንም ጽፈሻል። ንገሪያት፤ ዓይን ከደሙ ንጹሕ ነው። እጅ ነው። የኔ እጅ።

ነዳጅ ከጉድጓድ ብቻውን አይወጣም፤ ከባሕር የባሰ ጨዋማ ውኃ አስከትሎ ነው። እኛ ዘይቱን ከላይ ገፍፈን ውኃውን እንደ ስጋጃ በተጠቀለለ ስስ ሽፋን ውስጥ በኃይል እንገፋዋለን። ጨው ወዲያ ይቀራል፤ ጣፋጩ ወዲህ ያልፍና ቦቴ ጭኖ ላንቺ ያመጣል። ሽፋኑ ከተቀደደ የጨው መለኪያው ይጮኻል፣ ፓምፑም ይቆማል።

ጮኸ። ቀኑን ሙሉ ጮኸ። አዲስ ሽፋን እየመጣ ነው ተባለ፤ እስካሁንም እየመጣ ነው። ፎርማኑ «ኧረ ይህን አልቃሻ አንድ ነገር በለው!» ቢለኝ የመለኪያውን ጫፍ ከቧንቧው ነቅዬ፣ ንጹሕ ውኃ በሞላ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ነከርኩት። ጸጥ አለ፤ ፓምፑም ጨዋማውን ውኃ መግፋት ጀመረ። ፎርማኑ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «አንተ እኮ የተደበቅህ መሐንዲስ ነህ» አለኝ። በሥራ ዘመኔ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ለአንድ ቀን ነበር ያሰብኩት፤ አራት ወር ሆነው። የብርጭቆው ውኃ ስለሚተን ጠዋት ጠዋት ይሞላል። በመዝገባችን ላይ ውኃችን ከምንጭ ውኃ የጠራ ነው።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባላል፤ የኛ ጨው ምክር አላስፈለገውም።

ልናገር ሦስት ጊዜ ሥራ አስኪያጁ በር ድረስ ሄጃለሁ። ጸሐፊዋ «ምን ነበር ጋሼ?» ስትለኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሰዓት ጠይቄያት ተመለስኩ። አሁንማ ገና ስታየኝ ሰዓቱን ትነግረኛለች።

እህት ዓለም፣ ከአባታችን የቀረችሽ መሬት ያቺው ናት፤ እኔንም ያሳደግሽኝ በእሷ ነው። እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ፣ አንድ ጠብታ እንዳትጨምሪ። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ የቦቴው ሾፌር ነው፤ የጫነውን አትቀበዪው፣ መልሺው። ምክንያቱን ግን አትንገሪው፤ ወሬ ይወዳል።

አንቺ የነካሽው ሁሉ ይለምልም። እኔ ከነካሁት ይሰውርሽ።

በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ

ዛሬ ጠዋትም ብርጭቆውን ሞልቼዋለሁ።