ስትለኪኝ ይቀለኛል

እህት ዓለም፣
ቀድሜሽ ወጥቻለሁ። ሻይሽ ፔርሙሱ ውስጥ አለ።

ልብስ ሰፊዋ እማማ ዛሬም ማንኳኳታቸው አይቀርም። የእናንተ ማኅበርና የእኛ ሕክምና ትምህርት ቤት ባዘጋጁት ነፃ ምርመራ ላይ ደም ግፊታቸውን ከለካሁላቸው ወዲህ፣ መለካቱ ራሱ መድኃኒት መስሏቸዋል። «ልጄ፣ ስትለኪኝ ይቀለኛል» ይሉኛል፤ ግፊቱ ግን እንደጨመረ ነው።

የምርመራው ድንኳን በማግስቱ ተነቀለ። «ዶክተሯ እኛ ቤት ናት» ብለሽ በሩን ያሳየሻቸው አንቺ ነሽ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ መድኃኒት አላዝም። ሆስፒታል ይሂዱ ስላቸው «አንቺ እያለሽልኝ?» ይላሉ።

መለኪያውን ይዤው ሄጃለሁ። እሱን ካጡ ሆስፒታል ይሄዱ ይሆናል። እባክሽ አብረሻቸው ሂጂ።

እምቢ ካሉሽ…

ስለካቸው የሚቀመጡበትን ወንበር በሩ አጠገብ ትቼዋለሁ። ደረጃው ያደክማቸዋል።