ከ«ይውጡ» እስከ «ውጡ»፦ የእትዬ ሞገድ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ሞገድ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው፣ በወንዙ አጠገብ ባለው በታችኛው ሰፈር፣ በ1937 ዓ.ም. በክረምት ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል የአባታቸው የስፌት መኪና የሚቀመጥባት ነበረች። ጠዋት ጠዋት የወንዙ ጉም በመስኮት ገብቶ፣ ለመወሰድ በተንጠለጠሉት ኮቶች መካከል ይቆይ ነበር። ከሕፃንነታቸው የመጀመሪያው ትዝታቸው ይኸው ነው፤ ሰው የሌለባቸው ኮቶች በጉም ውስጥ ቀስ እያሉ ሲወዛወዙ። እናታቸው ግን «ያኔ ገና ጡት አልጣልሽም፣ በሕልምሽ ነው ያየሽው» ይሏቸው ነበር። በዚህ ነገር እናትና ልጅ እስከ መጨረሻው ሳይስማሙ ቀሩ።

«ሞገድ» የሚለው ስም የወጣላቸው ራዲዮ ጣቢያ ከገቡ በኋላ ነው። ሰፈር ስም ሲያወጣ ባለቤቱን አያስፈቅድም፤ የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ከቤተሰቡ ውጭ ብዙም የለም።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጀምረው ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። ጮክ ብሎ የማንበብ ተራ ሲመጣ መምህራኑ ሌላ ተማሪ አይጠሩም ነበር። ታናሽ እህታቸው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሆና ፊቷን እያጣመመች፣ ንባቡ መሐል ላይ በሳቅ ታፈርሳቸው ነበር። ሁለቱ በአንድ ዓመት የሚበላለጡ፣ በአንድ አልጋ ያደጉ፣ ሲጣሉም ሲታረቁም ለውጭ ሰው የማያስታውቁ እህትማማቾች ነበሩ። በመካከላቸው ከ«አንቺ» ሌላ አጠራር አልነበረም። አንዷ ሌላዋን በሙሉ ስሟ ከጠራች፣ ቤተሰቡ መኳረፋቸውን ያውቅ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. በከተማው ራዲዮ ጣቢያ በአንባቢነት ተቀጠሩ። ስቱዲዮዋ ግድግዳዋ በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ፣ ወደ ውጭ የሚያሳይ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያ ለገባ ሰው ዝናብ ይዝነብ፣ ፀሐይ ትውጣ፣ የሚታወቅ ነገር የለም። ከመስታወቱ ማዶ አንድ ዝምተኛ ወጣት ቴክኒሻን ይቀመጥ ነበር፤ በጣቱ «ጀምሪ»፣ በመዳፉ «ቀስ በይ» ይላቸዋል። እንዲህ በእጅ ብቻ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ «እንደምን ዋልሽ?» ቢላቸው ክው አሉ። ድምፅ ያለው አይመስላቸውም ነበራ! በ1962 ዓ.ም. ተጋብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ሲከፋቸው መዳፋቸውን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ ቃል አይወጣቸውም።

በ1974 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ዝናቡ ሳያባራ ሰንብቶ ወንዙ ሞላ። ከአደጋ መከላከያ ቢሮ የተላከውን ማስታወቂያ እትዬ ሞገድ በራዲዮም፣ በየምሰሶው በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎችም አነበቡ። ማስታወቂያው «የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ተገቢውን ጥንቃቄ በማድረግ ወደ ከፍተኛ ቦታ ይውጡ» ይላል። በዚያ በሚያምር ድምፃቸው፣ ረጋ ብለው፣ ደጋግመው አነበቡት።

ታናሽ እህታቸው ያን ጊዜ በአባታቸው ቤት ትኖር ነበር። ባሏ በሕይወት አልነበረም፤ ልጇም የዚያን ዕለት በአክስቷ በእትዬ ሞገድ ቤት ነበረች። ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «አልሰማሽም እንዴ? እንውጣ እንጂ» አላት። እሷም የእህቷን ድምፅ ስትሰማ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ ብላ፣ «ይውጡ ነው ያለችው፤ እዚያ ከወንዙ ግንብ ሥር ስላሉት ሰዎች ነው። እኔን ቢሆን ውጪ ትለኝ ነበር» ብላ ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። ዳቦ ጋጋሪው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተረፈ። እሷ አልተረፈችም። ልጇን እትዬ ሞገድ ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጓት፤ ይህንን ታሪክ ጽፋ የምታነብላችሁም እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት በኋላ ጋደም ባሉ ቁጥር አንድ ሕልም ይመላለስባቸው ጀመር። እህታቸው መስኮቱ ሥር ልብስ ታጥፋለች። ውሃው ኮሽ ሳይል ይገባል፤ የክር ጥቅልሎች፣ የልጅ ጫማ፣ ወንበር፣ ሁሉም ቦታውን የሚያውቅ ይመስል በዝግታ ይንሳፈፋል። እሳቸው ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠዋል። ማለት የሚፈልጉት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን «ይ» ቀድማ ትወጣለች። ነቅተው ሲቀመጡ «ያቺ ይ! አንዲት ፊደል!» እያሉ ጉልበታቸውን ይመቱ ነበር። ዘመድ አዝማዱ ሐዘን ያመጣው ነገር ነው፣ ቀስ በቀስ ይለቃቸዋል ብሎ ነበር። አልለቀቃቸውም፤ እሳቸውም አልለቀቁትም።

ነገሩን ሲከታተሉ የሚያናድድ ነገር አገኙ። ማስታወቂያው የወንዙን ከፍታ ከሚለካው ሠራተኛ እጅ ሲወጣ «ሽሹ» የሚል ብቻ ነበር። ከዚያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲተላለፍ አንዱ «ነዋሪዎች» ጨመረበት፣ አንዱ «ተገቢውን ጥንቃቄ»፣ ሌላው ደግሞ ትሕትና። ማይክሮፎን ሲደርስ ተኳኩሎ፣ የሚናገረው ለማን እንደሆነ ጠፍቶበት ነበር። እትዬ ሞገድ እንግዲህ የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ራሱን የቻለ ሕግ ይውጣለት ብለው ተነሱ። የጠየቁት ከባድ ነገር አይደለም፤ አደጋውን ያየው ክፍል ራሱ በቀጥታ ይናገር፣ ሰፈሩን ነዋሪው በሚጠራው ስም ይጥራው፣ «ውጡ» ይበል፣ በየት በኩል እንደሚወጣም ይናገር። ለዚህች ስንት ዓመት ተመላለሱ! የምክር ቤቱ ዘበኛ እንኳ ከለመዳቸው በኋላ «እትዬ ሞገድ፣ ዛሬስ ማንን ሊያስወጡ መጡ?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም «አንተን ካላስቀደምኩ!» ይሉታል።

ረቂቁ በ1989 ዓ.ም. ለኮሚቴ ቀረበ። አዳራሹ ወፍራም ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ሞቅ ያለ፣ ድምፅን ሁሉ የሚውጥ ነበር፤ ከተቀመጡት ውስጥ የሚያንቀላፉም አልታጡም። በዕድሜ የገፉ አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥተው፣ «ሕዝብ ይከበራል እንጂ እንደ ልጅ ውጡ ይባላል እንዴ? ይውጡ ቢባል ምን ይጎድላል?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎች ጭንቅላታቸውን ነቀነቁላቸው። የአሥራ አምስት ዓመት ልፋት በዚያች ጥያቄ ሊቀር ነው ብለን ከጎናቸው የተቀመጥን ቤተሰቦች እጅ ለእጅ ተያያዝን። እትዬ ሞገድ ተነሡና በዚያው በራዲዮ በምናውቀው ድምፅ «ክቡርነትዎ፣ እኔ አክብሬ ተናግሬ እህቴን ቀብሬያለሁ» አሉ። ቁጭም አሉ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። ከዚያም «ውጡ ይባል» አሉ። ሌላ አባል ደግሞ ቢያንስ «እባካችሁ» ትግባበት ብለው ግማሽ ቀን አከራከሩ። እትዬ ሞገድም «ለእባካችሁ ጊዜ ካለማ ምኑን አደጋ ሆነ!» ብለው አዳራሹን አሳቁት፤ ሕጉም ያለ «እባካችሁ» ጸደቀ።

ድምፅ ማጉያው በአዲሱ ሕግ መሠረት መጀመሪያ በተሞከረ ዕለት መላው ሰፈር «ሙከራ ነው» የሚለውን ሳይሰማ እየሮጠ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃው የጠቆረ ዳቦ ይዞ እስከ ደጃቸው መጥቶ፣ «እትዬ፣ ይኸውልዎ የሕግዎ ውጤት!» አላቸው። እሳቸው እየሳቁ ተቀበሉት። ሳቁ ግን ቶሎ ወደ ለቅሶ ዞረባቸው፤ ዳቦውን እንደ ሕፃን አቅፈው ደጁ ላይ አለቀሱ፣ ዳቦ ጋጋሪውም አብሯቸው አለቀሰ።

በ1993 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ከባለቤታቸው ጋር ዳገቱ ላይ ባለው ቤታቸው ተቀመጡ። በ2003 ዓ.ም. ወንዙ እንደገና መጣ። ጠዋት ነበር፤ ጉሙ አጥሩን ሳይቀር ሸፍኖታል። ከጉሙ ውስጥ የታችኛውን ሰፈር በስሙ የሚጠራ ድምፅ ተሰማ፤ «ውጡ! በዳገቱ በኩል ውጡ!» ቀጥሎ የእግር ኮቴ፣ ቀጥሎም ሰዎች። ብርድ ልብስ የተከናነበ፣ ትራሱን ያቀፈ፣ ድመቱን በጉያው የያዘ፣ አንድ እግሩ ላይ ብቻ ጫማ ያደረገ፣ ገና ከእንቅልፉ ያልተላቀቀ ሕዝብ ከነጩ ጉም ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይል ነበር። እትዬ ሞገድ በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ፊት ለፊታቸው የሚያልፈውን ሁሉ ትከሻውን ነካ ነካ ያደርጉ ነበር፤ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስላል። ውሃው ሲደርስ ቤቶቹን ባዶ አገኛቸው። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ ሞገድ ጋደም አሉ፤ ምንም ሕልም ሳያዩ ተኙ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በመጀመሪያ የደከመው ድምፃቸው ነው። መናገር ሲያቅታቸው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ጥንቱ የእጅ ቋንቋ ተመለሱ፤ ሐኪሟ ሁለቱ ምን እየተባባሉ እንደሚሳሳቁ ሊገባት አልቻለም። ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ78 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ አረፉ።

እትዬ ሞገድ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ከሟች በኋላ የሚቀሩት ሰዎች ዝርዝር እዚህ ላይ ያበቃል። እዚህ ግን አያበቃም። ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ቦታ ለቤተሰብ ብላችሁ የቆማችሁ የታችኛው ሰፈር ሰዎች፣ እናንተና ከዚያ ጠዋት ወዲህ የወለዳችኋቸው ልጆች፣ በእትዬ ሞገድ የተረፋችሁ፣ ከእሳቸውም በኋላ የቀራችሁ እናንተም ናችሁ። ወደ ፊት ኑ፤ ወንበሩ የእናንተም ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስጠና ያስገባልን። አሜን።