ስለ ተሰረዘው ሰላምታዬና ስለ ቆመው ወፍጮ

ይድረስ ለተከበሩ ኢንጂነር ደምመላሽ፣
በቴሌግራም ላይ የሚገኘው «የቴክኒክ ጥያቄና መልስ መረዳጃ» አስተዳዳሪ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ኔትወርክዎ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እንዲህ ያለው ሰላምታ በመረዳጃዎ ደንብ የተከለከለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ግን በራሴ ገጽ ለጥፌዋለሁና ሊሰርዙት አይችሉም፤ እስኪበቃኝ ሰላም ልበልዎ። ቤተሰብስ እንዴት ነው? እናትዎስ እንደምን ከረሙ?

ዝናሽ እባላለሁ። ከዐረብ አገር ተመልሼ ገሳይ ከተማ መንገድ ዳር የእህል ወፍጮ የተከልኩ ሴት ነኝ። እህል መፍጨት እንጂ ወፍጮ መጠገን አልተማርኩም። ባለፈው ሰሞን ሞተሩ እየፈጨ ሳለ በድንገት መጥፋት ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ ይነሣል፣ አንድ ቁና እንኳ ሳይፈጭ መልሶ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ተራ ይዞ የነበረው የእትዬ ጥሩነሽ ጤፍ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው የሞቱባቸው የአጎራባች መንደር እናት ሲሆኑ፣ ጤፉም የባላቸው የአርባ ተዝካር ነበር። አርባ ወደ ሌላ ሳምንት አይዛወርም፤ ሊጡም መቡኪያ ጊዜ ያስፈልገዋል። ስልኬ ውስጥ የተማሩ ሰዎች አሉ፣ ዛሬውኑ ይነግሩኛል ብዬ እትዬ ጥሩነሽን አጽናንቼ ወደ እርስዎ ደጅ መጣሁ። ስላደረጉልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ» ብዬ ጻፍኩና መልስ ጠበቅሁ። በእኛ አገር ሰው ደጅ የቆመ እንግዳ ሰላምታው ሳይመለስለት ጉዳዩን አያወጣም፤ ስለዚህ ረፋዱን ሁሉ ስልኬን ታቅፌ ቆየሁ። ሺህ ሰው ከተሰበሰበበት መረዳጃ እግዜር ይመስገን የሚል አንድ ሰው ጠፋ። በመጨረሻ እርስዎ ብቅ ብለው ሰላምታ ጥያቄ አለመሆኑን አስታውቀው፣ ደንቡን እንዳነብ አዝዘው፣ ሰላምታዬን ሰረዙት። ሰላምታ ቆሻሻ መሆኑን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ/ ደንብዎን አነበብኩ። ሐቁን ልናገርና፣ ከውስጡ ደኅና ነገር አላጣሁበትም፤ ጀማሪ ሲጠይቅ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ችግሩ መቼ እንደጀመረና ምን እንደሞከረ ይናገር ይላል። ይህን አልክድም። ወፍጮዬ እምቢ አለኝ ብሎ ዝም ማለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ አሞኛል ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ሐኪሙ ግን የቱ ጋ ነው የሚያምህ ይላል እንጂ በሽተኛውን በዘበኛ አያስወጣም። እርስዎ ከሐኪም ስለሚበልጡ ወደዚያ ዝቅ አላሉም።

፫ኛ/ ደንብዎን ጠብቄ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም፣ እያፈርኩ እንደገና ጻፍኩ። ሞተሩ እንዴት እንደሚጠፋ ተናገርኩ፤ ለምን እንደቸኮልኩ እንዲገባችሁ የማን ጤፍ እንደቆመና ለምን ቀን እንደሚፈለግም ጨመርኩ። እርስዎ ግን እዚህ ታሪክ አይሰማም ብለው ጥያቄዬን ሰረዙና ለሳምንት አፌን ዘጉት። እስከ መጨረሻው አንብበውት ቢሆን የእትዬ ጥሩነሽን ስም ከነመንደራቸው ያገኙት ነበር።

፬ኛ/ ትልቁ ምስጋናዬ ይኸኛው ነው። በኋላ እንደሰማሁት፣ ጥያቄዬ ሳይጠፋ በፊት የሐሙሲቱ ባለ ወፍጮ አቶ ደሴ ከሥሩ መልስ ጽፈውልኝ ኖሯል። እርስዎ ግን ሥርዓት ላልጠበቀ ጥያቄ መልስ መስጠት ሰነፍን ማበረታታት ነው ብለው መልሱንም አብረው ሰረዙት። እኔ ሳላየው ጠፋ።

ጤፉን በሚኒባስ ጭነን ደብረ ታቦር ወሰድነው። ወረፋ ነበር፤ መብራትም ጠፋ። ዱቄቱ ሲመለስ ለመቡካት የሚበቃ ጊዜ አልቀረም፤ በተዝካሩ ቀን ካህናቱም ጎረቤቱም አፍለኛ እንጀራ በሉ። እትዬ ጥሩነሽ ማቃቸውን እንደለበሱ በየመሶቡ እየዞሩ ይቅርታ ሲለምኑ አየሁ። አፈርኩ፤ ከኀፍረቴም ይልቅ ንዴቴ በለጠ።

እዚያው ከከተማ የመጡት ልጃቸው እንጀራውን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ ይህንን የፈጨው ማነው ሲሉ እናታቸውን በሰው ፊት ጠየቁ። እናት አንገታቸውን ደፉ። እኔ የልጅየውን ፊት የት እንደማውቀው ጠፍቶኝ ቆየሁና ስልኬን አውጥቼ ከደንቡ አጠገብ ካለው ፎቶ ጋር አስተያየሁት። እርስዎ ነበሩ፣ ክቡር ኢንጂነር። ታሪክ ነው ብለው የሰረዙት የአባትዎን ተዝካር ነበር።

ለአባትዎ ነፍስ ይማር እያልኩ፣ ለእርስዎም ሰላምታ የሚያነቡበት ዓይን እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በደንብዎ መሠረት አፌ እንደተዘጋ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዝናሽ፣ ባለ ወፍጮ
ገሳይ

ማሳሰቢያ፦ ከተዝካሩ በኋላ አቶ ደሴ ስልኬን ከሰው አፈላልገው ደወሉልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዘመዶቼ፣ ስለ ዝናሙ ጠየቁኝና፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሲነኩት ያቃጥላል ወይ አሉኝ። ያቃጥላል አልኳቸው። የማራገቢያው ሽፋን በዱቄት ተደፍኖ ስለነበር ሞተሩ እየጋለ ራሱን ያጠፋ ኖሯል፤ በብሩሽ ጠረግሁት፣ ይሠራል። እናትዎ ለሙት ዓመቱ ጤፍ ይዘው ሲመጡ እንደምን ዋልሽ ይሉኛል፣ እኔም ደኅና እላቸዋለሁ፤ እህላቸውንም ከሁሉ አስቀድሜ እፈጫለሁ። የእናትዎ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ ስለማያውቅ ይህ ደብዳቤ ገና አልደረሳቸውም፤ ጥያቄዬን ማን እንደሰረዘውም ከእኔ አልሰሙም። ሌላ ሰው ሳያነብላቸው እርስዎ ይንገሯቸው። ደንብዎንም ይጠብቁ፤ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምንስ እንደሞከሩ አንድም ሳያስቀሩ።